ስንወግረው «በሕግ አምላክ!» ያለ አልነበረም

(ይህ ጽሑፍ ጸሐፊው ሞላሌ ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ወጣቶችና የዕድር ሽማግሌዎች ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል።)



ትናንት ማታ ያረፍኩበት ቤት እትዬ «ነገ ስለ ምንድነው የምትናገረው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከሰው ስለሚለይ ሰው» አልኳቸው። «ስለ እብድ ነዋ!» አሉ። «እብድስ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያምነውን አላምንም ስለሚል ሰው ነው» ስላቸው እንጀራውን እያጠፉ ትንሽ ዝም አሉና «እሱማ ከእብድ ይብሳል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እብድን እንኳ እኛ እናውቅበታለን። የከተማው እብድ ቁራሽ አያጣም፣ ሲሳደብ እንስቃለን፣ ቁም ነገር ቢናገር «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ብለን እናልፈዋለን። ባሕታዊውም ቦታ አለው። ሰንሰለት ታጥቆ፣ ጠጉሩን አንጨፍርሮ ሹሙንም ካህኑንም ሲዘልፍ አንገታችንን ደፍተን እንሰማዋለን። ጣጣው የሚመጣው አእምሮው የተስተካከለ፣ በሬ ያለው፣ ትዳር ያለው፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ተነሥቶ «ይኼ ነገር ለምንድነው?» ያለ ዕለት ነው። እሱን የምናስቀምጥበት ቦታ የለንም። እብድ እንዳንለው እብድ አይደለም፤ ቅዱስ እንዳንለው ቅዱስ አይደለም። ስለዚህ እናባርረዋለን።

ከሰው ታሪክ በፊት የራሴን ልናገር።

ልጅ ሳለሁ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንድ ገበሬ ነበረ። ቀበሌውንም ሰውየውንም በስም አልጠራም፣ ዘመዶቹ በሕይወት አሉ። ይኼ ሰው በዓል ይሽራል። ያውም ተደብቆ አይደለም። ልደታ በአንድ ትገባለች፣ ባታ በሦስት፣ አቦ በአምስት፣ ሥላሴ በሰባት፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29። በዚያ ላይ ቅዳሜና እሁድ። ይህን ሁሉ በጣቱ ይቆጥርና «ታዲያ የሚታረሰው መቼ ነው?» ይላል። የትኛው ግዝት እንደሆነ፣ የትኛው በፈቃድ እንደሚከበር ሊቃውንቱ ያውቁታል። ሰውየው ግን ግዝቱንም አልማረውም። ነሐሴ ሚካኤልን አረሙን ሲያርም ዋለ።

በሳምንቱ በረዶ ወረደ።

የመንዝን በረዶ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያሸተ ገብስ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ፣ ውርጭ ሲደገም ቤተሰብ እስከ ሚያዝያ ምን እንደሚበላ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በዚያን ቀን ሰዉ ያለቀሰው በከንቱ አልነበረም። ጥፋቱ እውነት ነው፣ ረሃቡም እውነት ነው። እና ለእውነተኛ ረሃብ እውነተኛ ጥፋተኛ ተፈለገ። ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላም ላይ ሸንጎ ተቀመጠ። ሰውየው ተጠራ፣ መጣም። ያን ዕለት የተናገረውን አያቴ እስክትሞት ድረስ ትደግመው ነበር፦ «ሚካኤልን የሠራሁ እኔ ነኝ። በረዶው የእኔንም ገብስ መታ፣ የመበለቲቱንም ገብስ መታ። እሷ ሚካኤልን አክብራ ነው የዋለችው። ታዲያ የእሷን ማን ሻረው?»

ጥያቄ ነበር። መልስ አለኝ የሚል ሰው መልስ ሊሰጠው ይችል ነበር። የነገረ መለኮት መልስ አለ፣ የአየር ጠባይ መልስ አለ፣ «አላውቅም» የሚባልም መልስ አለ። የተሰጠው ግን ሌላ ነው፦ እሳት የጫረለት፣ ውሃ ያቀበለው፣ ወንፈል የገባለት የተገዘተ ይሁን!

እኛ ልጆቹ ግዝቱን በራሳችን ቋንቋ ተረጎምነው። ከብት ስንጠብቅ ባለፈ ቁጥር «በዓል ሻሪ! በዓል ሻሪ!» እያልን ድንጋይ እንወረውር ነበር። አንድ ቀን የእኔ ድንጋይ ትከሻው ላይ አረፈ። ዞረ። ይመታኛል ብዬ ነበር። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ነገርኩት። «አባትህን ሰላም በልልኝ» ብሎ ሄደ። ሰላምታውን ለአባቴ አላደረስኩም፤ ቢያውቁ ይገርፉኝ ነበር። የሚገርፉኝ በመወርወሬ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር በመነጋገሬ ነው።

ዓመት ሳይሞላ እናቱ ሞተች። አካፋ ይዞ የመጣ የለም። ልቅሶውን የሄደችው አያቴ ብቻ ነበረች። ሽማግሎቹ መንገድ ላይ ቆመው ሲከለክሏት «ለበዓሉ ዳኛ አለው፤ ለሬሳው ግን እኛ ነን» ብላቸው አለፈች። አንድ ገንቦ ጠላ ተቀጣች። ጠላውን ጠምቃ ከፈለች፣ የፈረዱባትም ጠጡት።

ይህን ታሪክ ብዙ ዓመት ተሸክሜው ኖርኩ። የመንደር ነገር፣ ያልተማረ ሰው ነገር እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ኋላ ግን ጥንት የሆነውን ሳነብ ነገሩ ከእኛ መንደር እንዳልጀመረ አየሁ።

ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የሚያልፍባትን ደብረ ብርሃንን አስቡ። ስሟ እንዴት ወጣ? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ ታላቅ ንጉሥ ናቸው፤ ጸሐፊ፣ ሊቅ፣ ግዛት ያጸኑ። በዘመናቸው ከትግራይ፣ ከአጋመ ወገን አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴ ተነሡ። እጃቸው ሠርቶ ያፈራውን የሚበሉ፣ ከቤተ መንግሥት ስጦታ የማይፈልጉ ሰው ናቸው። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ አልሰግድም አሉ። ለመስቀሉና ለእመቤታችን ሥዕል ስግደትም ተቃወሙ ተብለው ተከሰሱ። ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ እስር ቤትም ሞቱ። ተከታዮቻቸው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ተባሉ፤ መከራውም ወረደባቸው። አፍንጫና ምላስ ተቆረጠ፣ ሰው በድንጋይ ተወገረ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው እነዚህ ሰዎች የካቲት 2 ቀን ተወገሩ፤ በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ሥራዬን እግዚአብሔር ወደደልኝ ብለው እዚያው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት።

እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ የሃይማኖት ክርክር ልፈታም አልመጣሁም። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ብርሃኑ ለማን ነው የወረደው? ለወጋሪው ነው ለተወጋሪው? ዜና መዋዕሉን ያጻፈው አንዱ ወገን ነው።

ሌላም የሚቆጠቁጥ ነገር አለ። ያው ዜና መዋዕል ሐሰተኛ ከሳሾች ተነሥተው ብዙ ሰው «ጣዖት ያመልካል» እያሉ እንዳስፈጁ፣ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በዚህ ዓይነት ክስ እንደጠፉ ይናገራል። ከሳሾቹም ኋላ ተራቸው ደርሶ ተቀጡ። እሳት አንዴ ከተለኮሰ የማንን ጎጆ እንደሚበላ አይመርጥም። ልብ በሉ፣ ድንጋዩን የወረወሩት ንጉሡ አይደሉም። ንጉሥ ድንጋይ አይወረውርም። የሚወረውር ሰው ያስፈልገዋል፣ ያንንም ሁልጊዜ ከእኛ መካከል ያገኛል።

ደቂቀ እስጢፋኖስ ኋላ ምን ሆኑ? ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቀ። ዛሬ ጉንዳ ጉንዶ የሚታወቀው በብራና መጻሕፍቱና በሥዕሎቹ ነው። አዎ፣ በሥዕል! የእመቤታችን ሥዕልም አለበት። ሥዕል ጠሉ ተብለው የተወገሩት ሰዎች ገዳም አገሪቱ ከምትኮራባቸው የሥዕል ቦታዎች አንዱ ሆነ። ጊዜ ቢሰጣቸው ኖሮ በክርክር የሚያልቅ ነገር ነበር ማለት ነው? አላውቅም። ዕድሉን ግን አላገኙትም።

የእነዚህን ሰዎች ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የሸዋ ሰው ናቸው። ራሳቸውም በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኩሰውባቸው፣ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር በስደት ኖረው በ2013 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው። ለመጽሐፉ ያወጡለትን ስም ልብ በሉ፦ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ»።

በሕግ አምላክ! ይህን ቃል አባቶቻችን ያውቁታል። ሁለት ሰው ሲጣላ፣ አንዱ ዱላ ሲያነሣ፣ መንገደኛ እንኳ ቢሆን «በሕግ አምላክ!» ካለ ዱላ ያነሣው መቆም ነበረበት። ፖሊስ አያስፈልግም፣ ጠበንጃ አያስፈልግም። የማይታወቅ መንገደኛ ያስቆም ነበር። ይህን የመሰለ ነገር የነበረን ሕዝብ ነን። ሆኖም ለዚያ በዓል ሻሪ ሰው ከደጀ ሰላሙ ሸንጎ «በሕግ አምላክ! መጀመሪያ ጥያቄውን እንመልስለት» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ይገባኛል። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው ነው ያሳደጉን። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ዝም ባይነቅዝም ሰው ግን ይጨርሳል።

አንዳንዱ ሰው «እኛ ሸዋዎች መናፍቅ አንወድም» ይለኛል። እሺ፣ ግን አንድ ነገር አስታውሱ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ፣ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ከእምቢተኞቹ ሊቃውንት ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ያን ጊዜ መናፍቅ የተባሉት ጎረቤቶቻችን፣ ምናልባትም የቅድመ አያቶቻችን መምህራን ናቸው። ዛሬ አጥባቂ ነኝ የሚል የሸዋ ሰው ሐረጉን ወደ ላይ ቢቆጥር የተወገዘ ሰው ሳያገኝ የሚቀር አይመስለኝም።

ደግሞ ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚህች አገር ቀይ ሽብር ሲካሄድ «ፀረ-አብዮት» የሚለው ቃል የ«በዓል ሻሪ» የእጅ አዙር ልጅ ነበር። ማን ጠቆመ? ጎረቤት። ማን ሬሳ እንዳይለቀስ ከለከለ? ሹሙ። ማን ታዘዘና ሳያለቅስ ዋለ? እኛ። ከዚያም ወዲህ ቃሉ ይለዋወጣል፤ «ፀረ-ሰላም» ይሆናል፣ «ፀረ-ልማት» ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። መንግሥት ሰውን ማግለል ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ሁላችንም ወደ ላይ እንጠቁማለን። እኔ ግን ከመንደር ነው የተማረው እላለሁ። የቀበሌው ዝርዝር የተጻፈው በእኛ እጅ ጽሑፍ ነው። ለዚህ ነው «መንግሥት ይቀየር» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ፣ ይህንንም የያዛችሁትን ጨምሮ፣ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው የምለው። አዘጋጁ ይህን ከቆረጠው ታዘቡት!

አሁን ደግሞ በሕይወት ወዳለ ምሳሌ ልውሰዳችሁ። ጎንደር፣ እስቴ ውስጥ የተወለደ ዙምራ ኑሩ የሚባል ልጅ ነበር። ፊደል አልቆጠረም። ገና ትንሽ ሳለ ይጠይቅ ነበር፦ እናቴ ከአባቴ እኩል እርሻ ውላ ስትመጣ የቤቱ ሥራ ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል? ክርስቲያኑና እስላሙ ለምን አንዱ የሌላውን ሥጋ ይጸየፋል? ቤተሰቡ ልጁ አብዷል አለ። አገር ለአገር ተንከራተተ፣ የሚሰማው እየፈለገ። በመጨረሻ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር አውራ አምባን መሠረተ። ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፣ ሽማግሌ ይጦራል፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም፣ በአንድ ፈጣሪ እናምናለን ይላሉ። ጎረቤቱ ምን እንዳላቸው መገመት አያቅታችሁም። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ሕይወታቸውን ለማትረፍ እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌላ ተይዞ አገኙት። መሬት ሲጠባቸው ወደ ሽመና ገቡ። እኛ መንዞች ባናና ዝተት የምንሠራ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም፤ መሬት እምቢ ሲል እጅ ነው የሚያኖረው።

ዛሬ አውራ አምባን ለማየት ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣል። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ዙምራን መተው የነበረብን ትክክል ስለሆነ አይደለም። እኔ ራሴ በሁሉ ነገር አልስማማበትም። ለቅሶና በዓል ላይ ያላቸው አቋም ለእኔ ይደርቅብኛል፤ ሰው ሲሞት ሥራ ወዲያው መቀጠሉ አይዋጥልኝም። ሰዎች «ያ ሰው እኮ ኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ» የሚለውን ክርክር ይወዳሉ። በ1840ዎቹ (በፈረንጅ) ቪየና ውስጥ ሐኪም ዜመልቫይስ «ወላድን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ» ስላለ ባልደረቦቹ እንደገፉት፣ በ1865 በእብዶች ቤት እንደሞተ፣ ትክክልም እንደነበረ ይነግሩናል። ደግ! ግን ትክክል ያልሆነውስ? ከሰው ተለይተው ከሚያስቡት ብዙዎቹ ተሳስተው ሊሆን ይችላል። የእኛ በዓል ሻሪ ስለ በረዶው የነበረው አስተሳሰብ ልክ ይሁን ስሕተት ለእናቱ ቀብር ምን አገባው?

ለዚህ ነው የአሜሪካው ኖርተን ታሪክ የሚገርመኝ። ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሩዝ ንግድ ያከሰረው ነጋዴ ነበር። በ1859 (አሁንም በፈረንጅ) ተነሥቶ «የአሜሪካ ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ብሎ አዋጅ በጋዜጣ አወጣ። አልተሳሳተም ልትሉ አትችሉም! ከተማው ግን አብሮት ኖረ። ምግብ ቤቶች በነጻ አበሉት። በ1867 አንድ ፖሊስ እብድ ነው ብሎ ሲያስረው ሕዝቡ ጮኸ፣ አዛዡም ፈታው፤ ከዚያ በኋላ ፖሊሶች መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ይሰጡት ነበር። በ1880 ሲሞት ድኃ ነበር፤ ነጋዴዎች አዋጥተው ጥሩ ሣጥን ገዙለት፣ ለቀብሩም በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ። ንጉሥ ነው ብሎ ያመነ ሰው በቀብሩ ላይ የነበረ አይመስለኝም።

እንግዲህ «ሁሉን ዝም ብለን እንይ ነው የምትለው?» የሚለኝ አለ። አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሻካሆላ የሚባል ጫካ ውስጥ፣ ተከታዮቹን በረሃብ ሙቱ ብሎ ሰብኳል የተባለ ሰው ያስከተለው ጥፋት ከ400 በላይ ሬሳ ተቆፍሮ የወጣበት ነው። ብዙ ሕፃናት ነበሩበት። እዚያ ላይ ቀድሞ መግባት ነበር፣ በሕግ፣ በማስረጃ። ልጁን የሚያስርብ፣ ሴት የሚደበድብ፣ የሰው ቤት የሚያቃጥል ሰው «እምነቴ ነው» ቢል አይሰማም። የሚታየው የሠራው ነው። ገበሬያችን ምን ሠራ? የገዛ ማሳውን አረመ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ፈለግኩት። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዷል አሉኝ፤ ወረድኩ። በቀን ሥራ ሲኖር ኖሮ እኔ ሳልደርስ ሞቷል። አብረውት የሠሩትን ሰዎች አገኘኋቸው፤ እስላምም ክርስቲያንም ነበሩ። አዋጥተው ነው የቀበሩት። በዓል ያከብር እንደሆን ስጠይቃቸው ተያዩ። «እኛ ምን አውቀን? ሥራ አይጠላም ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። የያዝኩትን ባና ለአከራዩ ሰጥቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ ዛሬ ለዕድር ሽማግሎቻችን አንድ ልመና ብቻ አለኝ። በዓል ሻሪውን ውደዱት አልልም። ተከራከሩት፣ ተቆጡት፣ ማኅበር አብራችሁ አትጠጡ፣ ልጃችሁን አትዳሩለት፤ ይህ የእናንተ ነው። ሬሳውንና እሳቱን ግን ተዉለት። የዕድራችሁን ደንብ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። «ሥርዓት የጣሰ አባል ይሰረዛል» የምትል አንቀጽ ካለች «ሥርዓት» ያለችው ምን እንደሆነ ጻፉባት። ስድብ ነው? ስርቆት ነው? መዋጮ አለመክፈል ነው? ወይስ «የእናንተን ገብስ ማን ሻረው?» ብሎ መጠየቅ ነው? ካልተጻፈ በረዶ በወረደ ቀን የሚተረጉመው የተቆጣ ሰው ነው።

እዚያ ጥግ የተቀመጡት አባት እጃቸውን ሲያነሡ አይቻለሁ፤ የእኔ ይበቃል፣ እርስዎ ይቀጥሉ።